የትንሽ ስፖርት አውቶሞቢል የውስጥ አሠራርና የነጂው ደኅንነት

ኮርቻ ሠሪ የፈረሱን ጀርባና የፈረሰኛውን ቁመና ሳይመለከት ቆዳ አይቈርጥም። ኮርቻው በጌጥ ቢያሸበርቅም፥ እርካቡ ለፈረሰኛው እግር ከረዘመ ወይም ካጠረ ጌጡ ከመውደቅ አያድነውም። የአውቶሞቢል የውስጥ አሠራርም እንደዚሁ ነው። ይልቁንም ሁለት ሰው ብቻ በሚይዘው በትንሹ ስፖርት አውቶሞቢል፥ ከነጂው ደረት እስከ መሪው፥ ከጕልበቱም እስከ ክሩስኮቱ ያለው ርቀት አጭር ስለ ሆነ፥ ምቾትና ደኅንነት ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የጃፓኑ የማዝዳ ኩባንያ የሚሠራው ኤም ኤክስ 5 የተባለው አውቶሞቢል ነው። ይህ አውቶሞቢል በ1989 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የተመለከቱትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በቺካጎ የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛው ተሠርቶ ወጣ። ባለሙያዎቹ የተመሩበት ሐሳብ በጃፓንኛ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ፈረሰኛና ፈረስ አንድ አካል መሆን ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው አራተኛው ዓይነት ርዝመቱ 3 ሜትር ከ91 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዷ ሳንቲሜትር በጥንቃቄ መታሰብ ነበረባት።

መሐንዲሶች የአውቶሞቢልን ውስጥ ሲነድፉ የሚነሡት ከነጂው ዳሌ ነው። የዳሌው ሥፍራ ከተወሰነ በኋላ እግር፥ እጅና ዓይን በየተራቸው ይከተላሉ።

ስለ እግር፦ የፍሪሲዮኑ መርገጫ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጕልበት ጥቂት ታጥፎ መቅረት አለበት። እግሩ ፈጽሞ ከተዘረጋ በግጭት ጊዜ ኀይሉ በቀጥታ ወደ ዳሌ አጥንት ያልፋል። በተባለው አራተኛ ዓይነት የቤንዚን መስጫው መርገጫ ከወለሉ ላይ የተተከለ ነው፤ ይኸውም ተረከዝና መርገጫ አብረው እንዲንቀሳቀሱና እግር በቶሎ እንዳይደክም ነው።

ስለ እጅ፦ ነጂው ትከሻውን ከመደገፊያው ሳያላቅቅ ክንዱን ሲዘረጋ፥ አንጓው በመሪው አናት ላይ ማረፍ ይገባዋል። ይህ አራተኛ ዓይነት በመጀመሪያ ሲወጣ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ነጂው አይሳብም ነበር። ኩባንያው በ2018 ዓ.ም. ባደረገው ማሻሻያ መሪው 3 ሳንቲሜትር ያህል እንዲሳብና እንዲገፋ አደረገው። ልኩ ትንሽ ቢመስልም፥ እግረ ረጅሙ ሰው መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቶ መሪውን በቅርብ እንዲይዝ ያስቻለው ይኸው ነው።

ስለ ዓይን፦ የፍጥነት መለኪያው በመሪው ክብ ውስጥ ሊታይ ይገባል፤ ነጂው አንገቱን ባዞረ ቍጥር ዓይኑን ከመንገድ ያነሣልና።

ወደ ደኅንነቱ ስንመለስ፥ ከሁሉ የሚቀድመው ቀበቶ ነው። በሦስት ነጥብ የሚያዘውን ቀበቶ በ1959 ዓ.ም. ለቮልቮ ኩባንያ ያወጣው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የታችኛው ጥብጣብ በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ፥ የላይኛውም በአንገት ላይ ሳይሆን በትከሻ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት።

ሁለተኛው፥ በግጭት ጊዜ በድንገት በአየር የሚነፋው ከረጢት፥ ማለት ኤርባግ ነው። ኤርባጉ የሚፈነዳው በኀይል ስለ ሆነ፥ ከመሪው መካከል እስከ ነጂው ደረት ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ርቀት መኖር አለበት። ባለሁለት መቀመጫ አውቶሞቢል የኋላ ወንበር ስለሌለው ሌላ ችግር አለበት፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሕፃን ወንበር የተቀመጠ ሕፃን ከፊቱ ኤርባግ ቢፈነዳበት ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. እንደዚህ ባሉ አውቶሞቢሎች ላይ የተሳፋሪውን ኤርባግ የሚያጠፋ ማብሪያ እንዲገጠም ፈቀደ።

ይህ ጉዳይ የመለዋወጫና የመኪና ጌጥ ነጋዴዎችን በቅርብ ይመለከታል። ለውበት ሲባል የፋብሪካውን መሪ አውልቆ በትንሽ የእንጨት መሪ የሚለውጥ ደንበኛ፥ ኤርባጉን አብሮ መጣሉን ሊያውቅ ይገባዋል። ኤርባግ ከጐኑ በሚወጣበት መቀመጫ ላይ ጐኑ ያልተከፈተ የወንበር ልብስ ማልበስ ኤርባጉን ያፍነዋል። አንድ ጊዜ የፈነዳ ኤርባግ፥ በግጭትም ጊዜ በባሩድ ኀይል የተሳበ ቀበቶ፥ ሁለተኛ አያገለግሉም፤ ተጠግነዋል ተብለው ቢቀርቡ አይገዙም።

አሮጌ አውቶሞቢል የሚገዛም ሰው ቍልፉን ሲከፍት የኤርባጉን ምልክት መብራት ይመልከት። መብራቱ ጥቂት ሰኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ፤ ከቶ ካልበራም ብልሽቱን ለመሰወር ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል፥ ዋጋ ከመቈረጡ በፊት በባለሙያ ይመርመር።

ሻጭም ቢሆን መሪ፥ ወንበር ወይም ቀበቶ ሲሸጥ፥ ዕቃው ለየትኛው ዓይነትና ለየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ይህን ማድረግ ወጪ የለውም፤ ዕቃው ያለቦታው ተገጥሞ ጕዳት ቢደርስ ግን ገዢውንም ሻጩንም ከክርክር ያድናቸዋል።