ሰማዩ ሲጠራ አየሩም ጠራ ማለት ነው?

ለሥራ ወደ ኤምሬትስ በሚሄዱ እህቶቻችን ዘንድ «አል አይን የደረሳት ታድላለች፤ ጭሱ የአቡዳቢ ነው» ሲባል ይሰማል። ግምቱ ከመሬት አልተነሳም። አል አይን ከአቡዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባች፣ ረጃጅም ፎቅ ያልበዛባት፣ የቴምር ሥፍራዎቿ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡላት ከተማ ናት። ዳሩ ግን ቴምር ከበረሃ የሚነሳውን ደቃቅ ብናኝ አያስቆምም። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ በኤምሬትስም አካባቢውን አረንጓዴ ለማድረግ ተብሎ ተተክሏል፤ የአበባው ብናኝ ደግሞ የአፍንጫ አለርጂና አስም ይቀሰቅሳል።

ሌላው እምነት «የሚጎዳው የሚታየው አቧራ ነው» የሚለው ነው። ሰማዩ ቢጫ የሚሆንበት ቀን ያስፈራል፣ ያስላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ በእርግጥ አደገኛ ነው። ሆኖም ሻካራው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ነው፤ ውፍረቱ የፀጉር 30ኛ እጅ አይሞላም። ምንጩም ብዙ ነው፦ መኪና፣ እንደ አቡዳቢው ሙሳፋ ያለ የኢንዱስትሪ ሠፈር፣ ነዳጅና ጋዝ፣ በረሃው ራሱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ ዓመታዊ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮ ግራም ዝቅ አደረገ። አይኪውኤር የተባለው ተቋም ለእ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ዘገባ የኤምሬትስ አማካይ 43 ነበር። «የበረሃ ተፈጥሮ ነው» የሚል ማስተባበያ አይጠፋም፤ ልኩ ግን የተቀመጠው ብናኙ ከየትም ይምጣ ከየት ነው።

ጥርት ያለውና ፀሐይ የበረታበት ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። የመኪናና የፋብሪካ ጋዞች በፀሐይ ተለውጠው ኦዞን ይሆናሉ፤ ኦዞን የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፣ ከሰዓት በኋላም ይጨምራል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጅ አቆጣጠር የኤምሬትስ ሕግ ከቤት ውጭ የሚሠራን ሠራተኛ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ያሳርፋል፤ የወጣው ግን ለሙቀቱ ነው። አየሩን ለማወቅ ከዓይን ይልቅ የአቡዳቢ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ድረ ገጽ ይሻላል፤ የአል አይን ጣቢያዎችንም ንባብ ያሳያል።

«እኔ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ኤሲ አለ፣ ምን ይነካኛል?» የሚሉት እህቶቻችን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአረብ ቤት ከአየሩ ጋር የሚጋፈጡት እነሱ ናቸውና። አብዛኛው የግድግዳ ኤሲ የክፍሉን አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። ወንፊቱ የሚይዘው ፀጉርና ሻካራ አቧራ ነው። ያንን ወንፊት በረንዳ ላይ አራግፎ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ የወር አቧራ በቀጥታ ወደ አራጋፊዋ ፊት ይመጣል። ማስክ አድርጎ በውኃ ማጠብ ይሻላል፤ ወለሉንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል።

ከዚያ ቡኹር የሚባለው የአረብ ዕጣን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የኤምሬትስን ቡኹር ጭስ በሰው የሳንባ ሕዋሳት ላይ ሲሞክር፣ ሕዋሳቱ የሲጋራ ጭስ እንደነካቸው ተቆጥተዋል። የእኛም የቡና ዕጣንና ከሰል ያው ጭስ ነው፤ መስኮት ይከፈት። ከሁሉ የሚብሰው «ይበልጥ ያጸዳል» ተብሎ በረኪናን ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ነው። ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ሳንባን ሊያቃጥል ይችላል።

«ወተት ሳንባን ያጥባል» የሚባለውም እውነት አይደለም፤ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። ነጠላም ሆነ ሻርፕ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ፊት ላይ የሚገጥም ኤን95 ያስቀራል።

በመጨረሻ ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት። «ሱስ ያሲዛል» እየተባለ ስንቱ ታፍኖ ያድራል! ሱስ አያሲዝም። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን እብጠት አያክምም። ለእብጠቱ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ያስፈልጋል፤ የአስም ዓለም አቀፍ መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሰማያዊውን ማስታገሻ ብቻ ይዞ መኖርን አይመክርም። ሰማያዊው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ሐኪም ይወቀው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላስታገሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በኤምሬትስ አምቡላንስ የሚጠራው በ998 ነው።