የጥቅል ጎመን መልካምነት ከዘሩ ይጀምራል

ጓሮውን የሚያለማ ሰው ገበያው ከደጁ ነው። ዳሩ ግን ጥቅል ጎመን ለማብቀል ተነሥቶ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን ካፈሰሰ በኋላ፣ መደቡ ባዶውን የቀረበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥፋቱን በአፈሩና በዝናቡ ላይ ያሳብባል። ነገሩ ሲመረመር ግን ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዘሩና ከችግኙ ዘንድ ነው።

የአበሻ ጎመን ዘር ከራስ ጓሮ ይለቀማል። ጥቅል ጎመን ግን አብቦ ዘር የሚሰጠው፣ ተክሉ ከጠነከረ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ጽኑ ብርድ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በሞቃት አገር የሚኖር አትክልተኛ ዘሩን ከነጋዴ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ዘር ደግሞ እንደ ምስማር ያለ ሸቀጥ አይደለም፤ ሕይወት አለበት። በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ከተጠበቀ እስከ 4 ዓመት ያህል የመብቀል ኀይል ይኖረዋል፤ እንደ ምጽዋ ባለ ሙቀትና እርጥበት ባየለበት ጠረፍ ክዳኑ ተከፍቶ ከተተወ ግን ፈጥኖ ይሞታል። የሞተውም ዘር በመልኩ ከሕያው አይለይም። የገዛው ሰው የሚከስረው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ሳይሆን የዘር ወራቱን ጭምር ነው።

ይህን ኪሣራ ለማስቀረት ፈተናው ቀላል ነው። 20 ፍሬ ዘር ቆጥሮ በረጠበ ጨርቅ መጠቅለልና ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቁ ማቆየት ነው። ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው፤ እኩሌታው ብቻ ከበቀለ አብዝቶ መዝራት፣ ከዚያም ካነሰ መተው ይገባል።

ለችግኙ የላላ አፈርና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለበት መደብ ይዘጋጃል። ዘሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ጠልቆ፣ ሳይጠቀጠቅ በመስመር ይዘራል። መደቡ በሣር ይሸፈናል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ጥፋት ውሃ ማብዛት ነው፤ ውሃ የበዛበት ችግኝ ከሥሩ በስብሶ ይወድቃልና። ማለዳ በልክ ማጠጣት ይበቃል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ሲበርድ ይነቀልና በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ይተከላል። ጥቅል ጎመን ቀዝቃዛ አየር ይወዳልና፣ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አሥመራ አየሩ ይስማማዋል። ከደጋ ወደ ጠረፍ የተዛወረ ሹም ግን የደጋውን ልማድ ይዞ በበጋው ሐሩር ቢዘራ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ሙቀቱ የሚቀንስበትን የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት መጠበቅ ይኖርበታል።

ከተተከለ በኋላ ውሃው እንዳይቋረጥ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተጠምቶ የከረመ ተክል በድንገት ቢጠጣ ጥቅሉ ይሰነጠቃል። የቅጠሉንም ጀርባ እየገለጡ ትሉን መልቀም ይገባል። በሽታው በአፈር ውስጥ ስለሚከርም፣ የጎመን ወገን ሁሉ በዚያው መደብ ላይ ለ3 ዓመት ያህል ባይደገም ይመረጣል። ጥቅሉ በእጅ ሲጫኑት የጠነከረ እንደ ሆነ ለመቈረጥ ደርሷል።

እንግዲህ ነጋዴው የሚሸጠውን ዘር ዕድሜ ሳይደብቅ ቢናገር፣ ገዢውም ከመዝራቱ በፊት ቢፈትን፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዘሩ የበቀለለት ሰው በሚመጣው ዓመት ወደዚያው ሱቅ ይመለሳልና።