«ዝርያው ምንድን ነው?» የኪራይ ቤት፣ የተከለከሉ ውሾች እና የዘረመል ሳይንስ

አሜሪካ ውስጥ አፓርትመንት ለመከራየት ማመልከቻ የሞላ ሰው ይህን ያውቃል። ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ከተጠየቀ በኋላ «የቤት እንስሳ አለዎት?» የሚል መስመር ይመጣል። «አዎ፣ ውሻ» ብሎ ከመለሰ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ «ዝርያው ምንድን ነው?» መልሱ ላብራዶር ከሆነ ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል። ፒትቡል፣ ሮትዋይለር ወይም ዶበርማን ከሆነ ግን በብዙ ሕንፃዎች ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ውሻው ሰው ነክሶ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል።

ይሄ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ እንዲሁም በኮሎራዶ በዴንቨር አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እነዚህ ሁለት አካባቢዎች ደግሞ በአሜሪካ የታወቁ የፒትቡል እገዳዎች የነበሩባቸው ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ የነዳ ሰው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ወጥቶ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይገባል። ይህ ካውንቲ በ1990ዎቹ ፒትቡል ማሳደግን ያገደ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ አንድ ቤተሰብ ውሻውንና ቤቱን እንዲያማርጥ የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ምን ያህል ጠቃሚ ነው? የውሻ ዝርያ ስለ ውሻው ጠባይ ምን ያህል ይነግረናል? እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ክልከላው ከየት ይመጣል?

ክልከላው ሦስት ምንጮች አሉት፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያደባልቋቸዋል።

የመጀመሪያው ሕግ ነው። ዴንቨር በ1989 ፒትቡልን አገደች። እንግሊዝ በ1991 ባወጣችው ሕግ አራት ዓይነት ውሾችን ከለከለች፦ ፒትቡል ቴሪየር፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖ እና ፊላ ብራዚሌሮ። በኋላ «ኤክስ ኤል ቡሊ» የሚባለው ተጨመረ፤ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ውሻ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው።

ሁለተኛው የአከራዩ ውሳኔ ነው። ሕግ ባይከለክልም ባለቤቱ በኪራይ ውሉ ውስጥ «እነዚህ ዝርያዎች አይገቡም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፦ ኢንሹራንስ። ውሻ ሰው ነክሶ ካሳ ሲጠየቅ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የቤቱ ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የማይሸፍኗቸውን ዝርያዎች ዘርዝረው ያስቀምጣሉ። አከራዩ ለራሱ ውሻ ወዳድ ቢሆንም እንኳ ዝርዝሩን ከጣሰ ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። «አይሆንም» ያላችሁ ሰው አንዳንዴ የሌላ ሰው ወረቀት እያነበበ ነው።

አከራይ ለምን ይፈራል?

የሜሪላንድ ታሪክ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ2012 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በፒትቡል ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ፒትቡል በተፈጥሮው አደገኛ ነው አለ። በዚህም የተነሳ ተጎጂው «ይህ ውሻ ቀድሞም ተናካሽ ነበር» ብሎ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኃላፊነቱ በውሻው ባለቤት ብቻ አልቆመም፤ ውሻው በግቢው መኖሩን የሚያውቅ አከራይም ይጠየቃል ተባለ።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ባልቲሞር ውስጥ አንድ ትልቅ የመኖሪያ ቤቶች ድርጅት ፒትቡል ያላቸው ነዋሪዎች ውሻቸውን እንዲያስወግዱ፣ አለዚያ ቤታቸውን እንደሚያጡ በደብዳቤ አስታወቀ። ለዓመታት ማንንም ያልነካ ውሻ በአንድ ፍርድ ምክንያት ለቤተሰቡ የቤት ጉዳይ ሆነ።

የግዛቱ ሕግ አውጪ በ2014 ነገሩን ቀየረው። በአዲሱ ሕግ ማንኛውም ውሻ ጉዳት ሲያደርስ፣ ዝርያው ምንም ይሁን ምን፣ ባለቤቱ አደገኛነቱን ያውቅ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ ባለቤቱ ግን አላውቅም ነበር ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። ለአከራዮች ደግሞ ከ2012 በፊት የነበረው ሕግ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ተጎጂውን የሚጠብቀው ነገር አልተነሳም፤ የተነሳው ዝርያው ነው።

ቁጥሩስ ምን ይላል?

የፍርሃቱን መነሻ ማቃለል አይገባም። በ2000 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1979 እስከ 1998 ውሾች ያደረሱትን የሞት አደጋ መርምሯል። የውሻው ዝርያ የተጠቀሰባቸው 238 ሞቶች ነበሩ። ቢያንስ 25 ዝርያዎች ተሳትፈዋል፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ላይ የተጠቀሱት የፒትቡል ዓይነት ውሾችና ሮትዋይለሮች ናቸው።

ታዲያ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። የጥናቱ ጸሐፊዎች ራሳቸው ይህን ቁጥር ይዛችሁ ዝርያ ላይ ሕግ አታውጡ ብለው አስጠንቅቀዋል። ምክንያቱን ለመረዳት የአዲስ አበባን መንገድ አስቡ። አንድ ሰው ተነስቶ «በአደጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሚኒባስ ታክሲዎች ናቸው» ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «በከተማው ስንት ሚኒባስ አለ? በቀን ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ይውላል?» ይህን ሳናውቅ ሚኒባስ የበለጠ አደገኛ ይሁን ወይም ብቻ የበዛ ይሁን መለየት አንችልም። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ይህ ታች የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም አካፋዩ ነው። በውሾች ላይ አካፋዩ የለንም፤ ስንት ፒትቡል እንዳለ በትክክል የቆጠረ የለም። የሚገርመው ደግሞ ላይ ያለው ቁጥርም አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ለምን?

በዓይን ማወቅ ይቻላል?

«ፒትቡል» የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። አሜሪካን ፒትቡል ቴሪየር፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየር፣ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየርና ክልሶቻቸው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። የዘር ግንዳቸው ወደ ብሪታንያ ይመለሳል፤ እዚያ ውሾችን ከታሰረ በሬ ጋር ማናከስ መዝናኛ ነበር፤ ይህ በ1835 በሕግ ታገደ።

በመጠለያ ያሉ አብዛኞቹ ውሾች ግን ክልስ ናቸው፤ ስማቸው የሚሰጣቸውም በመልካቸው ነው። የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች ይህን ፈተኑት። በአራት መጠለያዎች የሚገኙ 120 ውሾችን ወሰዱ፤ 16 ሠራተኞች፣ የእንስሳት ሐኪሞችን ጨምሮ፣ ዝርያቸውን በዓይን እንዲገምቱ አደረጉ፤ ከዚያ የውሾቹን ዲኤንኤ መረመሩ። በ2015 የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ የፒትቡል ዘር በእርግጥ ያለባቸውን ውሾች ሠራተኞቹ በትክክል የለዩት እንደ ሠራተኛው ከ33 እስከ 75 በመቶ በሚሆን ጊዜ ነው። ምንም የፒትቡል ዘር የሌለባቸውን ደግሞ አንዳንዱ ሠራተኛ እስከ 48 በመቶ የሚሆኑትን «ፒትቡል» ብሏቸዋል።

እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ከውሻ ጋር የሚውሉ ናቸው። እነሱ እንዲህ ከሳቱ የሕንፃ ሥራ አስኪያጅ፣ ወይም ከንክሻ በኋላ ሪፖርት የሚጽፍ ፖሊስ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስቡት። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ዲኤንኤን ጨርሶ አያይም፤ የሚያየው የውሻውን ቅርጽና ልክ ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ቡችሎች አንዱ የተከለከለ፣ ሌላው የተፈቀደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዘረመል ምን ይላል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። መልክ በዘር ይወረሳል፤ ጠባይስ?

መልክ ላይ ውሾች ለየት ያሉ ናቸው። የጸጉራቸው ርዝመት፣ መጠምዘዝና አበቃቀል በአብዛኛው የሚወሰነው በሦስት ዘረመሎች ብቻ ነው። ስለዚህ አርቢዎች ጥቂት ትውልድ መርጠው መልክን በቀላሉ መቀየር ይችላሉ። ጠባይ ግን እንደዚያ አይደለም። በጣም ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ በዚያ ላይ አስተዳደግ፣ ሥልጠና፣ ጤናና ዕድሜ ይጨመራሉ።

በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን በቁጥር አስቀመጠው። ተመራማሪዎቹ ከ18,000 በላይ የውሻ ባለቤቶችን ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ጠየቁ፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ውሾች ዲኤንኤም አነበቡ። ዝርያ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የሚያስረዳው በአማካይ 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

9 በመቶ ሲባል ምን ማለት ነው? እንበልና የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ከ30 እስከ 98 ይለያያል። ተማሪው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ማወቅ ከዚህ ልዩነት 9 በመቶውን ብቻ የሚያስረዳ ከሆነ፣ «የ8ኛ ሀ ተማሪ ነው» ተብላችሁ ውጤቱን ገምቱ ብትባሉ ብዙ አትጠጉም። ተማሪውን ራሱን ማየት ይሻላል።

ሁሉም ጠባይ ግን እኩል አይደለም። የሰውን ትእዛዝ መቀበልና የተወረወረ ነገር ማምጣት ከዝርያ ጋር ሻል ያለ ግንኙነት አላቸው። ውሻው በቀላሉ ይቆጣል ወይስ አይቆጣም በሚለው ላይ ግን ዝርያ ምንም አይናገርም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። አከራዩ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ በትክክል ይሄንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጥናቱ የተመሠረተው ባለቤቶች በሰጡት መልስ ላይ ነው፤ ሰው ስለ ውሻው ሲናገር ትንሽ ሊያዳላ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጠባይና ጉልበት የተለያዩ ናቸው። የ30 ኪሎ ውሻና የ3 ኪሎ ውሻ እኩል ቢቆጡም የሚያደርሱት ጉዳት እኩል አይሆንም። በነገራችን ላይ የፒትቡል መንጋጋ «ይቆለፋል» የሚባለው ተረት ነው፤ እንዲህ ያለ መቆለፊያ የለውም። ጠንካራ ግን ነው፤ ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ትልቅ ኃላፊነት አለበት።

ታዲያ አደጋውን የሚያመጣው ምንድን ነው?

በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ከ2000 እስከ 2009 በአሜሪካ የደረሱ 256 የሞት አደጋዎችን በዝርዝር አጥንቷል። የተደጋገሙት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ በ87 በመቶው ጣልቃ ገብቶ የሚያስጥል ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ በ85 በመቶው ተጎጂው ከውሻው ጋር ምንም ትውውቅ አልነበረውም ወይም የነበረው ድንገተኛ ትውውቅ ብቻ ነበር፤ በ84 በመቶው ውሻው እንዳይራባ ሕክምና አልተደረገለትም፤ በ76 በመቶው ውሻው ከሰው ተለይቶ፣ ታስሮ ወይም ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ነበር። ዝርያውን በአስተማማኝ መንገድ ማወቅ የተቻለው ደግሞ በ18 በመቶ ገደማው ብቻ ነው።

ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ ሰው ሊቀይራቸው የሚችላቸው ናቸው። የውሻውን ዝርያ ግን ማንም መቀየር አይችልም።

አንዳንድ ቦታዎች ሕጋቸውን በዚህ መልክ አስተካክለዋል። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2003 እገዳው በዓመት ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣና ለሕዝብ ደኅንነት የጎላ ጥቅም እንዳላመጣ ገልጾ እንዲነሳ ሐሳብ አቀረበ፤ እገዳው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጠለ። የዴንቨር ሕዝብ በ2020 በሰጠው ድምፅ የ31 ዓመቱን እገዳ በፈቃድ ተካው፦ ውሻው ይመዘገባል፣ ማይክሮቺፕ ይደረግለታል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ እንዳይራባ ይደረጋል። ሦስት ዓመት ያለ ጥፋት ካለፈ እንደማንኛውም ውሻ ይቆጠራል። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2021 ባወጣው ሕግ የቤት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በዝርያ ብቻ ተነስተው ሽፋን እንዳይከለክሉ አደረገ።

ቤት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ?

ሳይንሱ ከጎኑ ቢሆንም ተከራዩ ነገ ጠዋት የሚጋፈጠው ውሉን ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል፦ የካውንቲውን ወይም የከተማውን ሕግ፣ እና በውሉ ውስጥ ያለውን የዝርያ ዝርዝር። ዝርያውን መደበቅ ወይም «ላብራዶር ነው» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ በኋላ ከታወቀ ውል ማፍረስ ይሆንና ሰውም ውሻም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚረዳው ውሻ ከሆነ ጉዳዩ በፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ስለሚታይ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይገባል።

ከዚያ በተረፈ ጥሩው መንገድ አከራዩ ማወቅ የሚፈልገውን ነገር በቀጥታ ማሳየት ነው፦ የክትባት ወረቀት፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ከቀድሞው አከራይ «ይህ ውሻ ሁለት ዓመት ሲኖር ማንንም አልነካም» የሚል ደብዳቤ፣ ውሻውንም የሚሸፍን የተከራይ ኢንሹራንስ። ሥራ አስኪያጁ እንቢ ቢል እንኳ ዝርዝሩ የእሱ ይሁን የኢንሹራንሱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የኢንሹራንሱ ከሆነ መልሱ ያለው ሌላ ኢንሹራንስ ያለው ቤት ዘንድ ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተሰበሰበ ነው፦ ይህ ውሻ፣ ይሄኛው፣ እስከዛሬ ምን አድርጓል? ማን ነው የሚጠብቀው? 9 በመቶ ብቻ ከሚነግረን ስም ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ለአከራዩም፣ ለጎረቤቱ ሕፃንም፣ ለውሻውም ይበጃል።