የቨርጂኒያ ማሳዎችና የብረታ ብረት መፈለጊያው መሣሪያ

እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቨርጂኒያን ያህል ብዙ ውጊያ ያየ ግዛት የለም። ውጊያውም ሆነ የጦር ሰፈሩ በአብዛኛው በገበሬ ማሳ፣ በግጦሽ መሬትና በጫካ ዳር ስለነበር፣ ወታደሮቹ የተኮሱት፣ የጣሉትና የጠፋባቸው ዕቃ ዛሬም በቆሎና አኩሪ አተር በሚበቅልበት አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ይህን ቅሪት በመሣሪያ እየፈለጉ የሚያወጡ ሰዎች በግዛቲቱ በርካታ ሲሆኑ፣ ሥራቸው በጥንቃቄ ሲከናወን ለታሪክ ማስረጃ ያተርፋል፤ ጥንቃቄ ሲጎድለው ግን ያንኑ ማስረጃ መልሶ እንዳይገኝ አድርጎ ያጠፋል።

በተለምዶ ሜታል ዲቴክተር የሚባለው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የተገጠመ ጠፍጣፋ ክብ ክፍልና የጆሮ ማዳመጫ አለው። በክቡ ክፍል ውስጥ ባለው ጥቅል የመዳብ ሽቦ አቅጣጫው የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ይህ መስክ የተቀበረ እርሳስ፣ ናስ ወይም ብረት ሲያገኝ በዕቃው ውስጥ ትንንሽ ጅረቶችን ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም የራሳቸውን ደካማ መስክ ስለሚፈጥሩ፣ መሣሪያው ይህን ለውጥ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል። መርሑ የቆየ ነው። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት በዚሁ ዘዴ ሊያገኝ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው የፈንጂ መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ አገልግሏል።

ብዙ ቅሪት ከያዙት የቨርጂኒያ ማሳዎች መካከል በከልፔፐር ካውንቲ የሚገኙት ይጠቀሳሉ። በዚያ አካባቢ፣ ብራንዲ ስቴሽን በተባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1863 ከጦርነቱ ሁሉ ትልቁ የፈረሰኞች ውጊያ ተካሂዷል፤ በተከታዩ ክረምት ደግሞ 100,000 ገደማ የሚሆን የሰሜኑ ሠራዊት ከግንድ ጎጆ ሠርቶ እስከ ፀደይ ሰፍሮበታል። ይሁንና የአካባቢው ቀይ ሸክላ አፈር በብረት ማዕድን የበለጸገ በመሆኑ፣ አፈሩ ራሱ እንደ ዕቃ እየጮኸ ተራውን መሣሪያ ያሳስተዋል። ስለዚህ ፈላጊዎቹ አጫጭር የጅረት ምቶችን እየለቀቀ መስኩ እንዴት እንደሚከስም የሚለካ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይመርጣሉ፤ ይህም ጠለቅ ብሎ ያያል፣ የዛገ ሚስማርን ከእርሳስ ጥይት በመለየት ረገድ ግን ደካማ ነው።

በብዛት የሚገኘው ዕቃ ሚኔ የተባለው የእርሳስ ጥይት ነው። በፈረንሳዊው መኮንን በክሎድ ኤትየን ሚኔ ስም የሚጠራው ይህ ጥይት ሾጣጣና ከሥሩ ጎድጓዳ ሲሆን፣ ለስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የተሠራው ወደ 32 ግራም ይመዝናል፤ በአፈሙዝ ከገባ በኋላ ባሩዱ ሲቀጣጠል ሥሩ ተለጥጦ የጠመንጃውን ውስጣዊ ጥምዝ ይይዛል። ከአፈር ሲወጣ እርሳሱ በዘመን ብዛት ነጭ ልባስ ለብሶ ይታያል። የጥምዝ ምልክት ያለበትና የተጨፈለቀው የተተኮሰ ነው፤ ቅርጹን እንደጠበቀ የሚገኘው ደግሞ ከእጅ ወድቆ የቀረ ነው፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ጥይቶች በአንድ መስመር ሲገኙ ወታደሮች ቆመው ጠመንጃ ያጎረሱበትን ቦታ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ከጥይቱ ሌላ የንስር ምስል ያለበት የናስ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት ይገኛል፤ ሥራ ፈቶ የከረመ ወታደር በቢላዋ ጠርቦ የሠራው የእርሳስ መጫወቻም አልፎ አልፎ ይወጣል።

ማረሻ የላይኛውን አፈር ስለሚገለብጥ በማሳ የሚገኝ ዕቃ ከመጀመሪያ ቦታው በመጠኑ መራቁ አይቀርም፤ ቢሆንም የጠቅላላው ሥርጭት መልክ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የዚህን ዋጋ በግልጽ ያሳየው በሞንታና የሚገኘው የሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሜዳውን ሣር እሳት ከበላው በኋላ፣ አርኪዮሎጂስቶች በቀጣዩ ዓመት በሜታል ዲቴክተር እየፈለጉ የእያንዳንዱን ቀለህና ጥይት ቦታ በካርታ መዘገቡ፤ ቀለሆቹ ላይ የቀረውን የመምቻ ምልክት በማነጻጸርም አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ለይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1876 የተደረገውን ውጊያ እንደ አዲስ ሊያስረዱ ቻሉ። ቦታው ሳይመዘገብ ወደ መሳቢያ የገባ ጥይት ይህን የመሰለ ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።

አደጋውም ሊዘነጋ አይገባም። ውስጡ ባሩድ የተሞላ የመድፍ ጥይት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀብሮም ሊፈነዳ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቨርጂኒያ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል። ሕጉም ግልጽ ነው፦ በግል ማሳ ላይ የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የአርኪዮሎጂ ቅርስ መቆፈር እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሕግ ተከልክሏል፤ በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ቁፋሮ ቀርቶ በመሣሪያው መፈለግ እንኳ ያስቀጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የማናሳስ የጦር ሜዳም ከእነዚሁ ፓርኮች አንዱ ነው። ስለሆነም ፈቃድ ባገኘበት ማሳ ላይ ለመፈለግ የተነሣ ሰው ከመቆፈሪያው ጋር ደብተርና ካርታ ይያዝ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነቦታው ይመዝግብ፣ የመድፍ ጥይት ካየ ሳይነካ ለፖሊስ ያሳውቅ፣ የሰው አፅም ካጋጠመውም ቁፋሮውን ወዲያው ያቁም።