በኦሩሮ ከተማ የሚደረገው የቅበላ በዓል

ኦሩሮ በቦሊቪያ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የማዕድን ከተማ ናት። እስፓኞች በ1606 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ከመቈርቈራቸው በፊት ሥፍራው በኡሩ ሕዝብ ዘንድ የተቀደሰ ነበር። ቅኝ ገዥዎቹ በ17ኛው መቶ ዓመት የአገሬውን ሥርዐተ አምልኮ ከለከሉ፤ ሕዝቡ ግን ጥንታዊውን በዓል በክርስቲያን በዓል ስም ሸፍኖ አቈየው። ዛሬ ካርኒቫል የሚባለው፣ ከካቶሊካውያን ዐቢይ ጾም በፊት የሚውለው ቅበላ፣ ከዚህ የተወለደ ነው።

በዋናው ቀን፣ በቅዳሜ፣ ከ28,000 የሚበልጡ ጨፋሪዎችና 10,000 ያህል ሙዚቀኞች አራት ኪሎ ሜትር መንገድ ይጓዛሉ፤ ሰልፉም ሃያ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከጭፈራዎቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው «ዲያብላዳ»፣ ማለትም የሰይጣኖች ጭፈራ ነው። ባለቀንድ ጭንብል ያጠለቁት ጨፋሪዎች በሊቀ መላእክት ሚካኤል እየተመሩ፣ በማዕድን ዋሻ አፍ ላይ ወደ ተሠራው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ በዚያም ጭንብላቸውን አውልቀው ይንበረከካሉ። ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ለመጨፈር የተሳሉ ናቸው።

ተመልካች ይህን የመልካምና የክፉ ትግል ብቻ አድርጎ ቢቈጥረው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ይሳሳታል። የማዕድን ሠራተኞች «ቲዮ» (አጎት እንደ ማለት ነው) ብለው የሚጠሩት ኀይል በዋሻው ውስጥ አለ። ባለቀንድ ምስሉ ከጭቃ ተሠርቶ ይቀመጥና የኮካ ቅጠል፣ ሲጃራና አረቄ ይቀርብለታል። ሰይጣን የሚለው ስም ከእስፓኞች ስብከት የመጣ ነው፤ ለሠራተኛው ግን ቲዮ የማዕድኑ ባለቤት ነው፤ ሲከበር ይሰጣል፣ ሲዘነጋ ይገድላል። ከሰልፉ በፊት ባለው ዐርብ፣ ላማ የተባለው የአንዲስ የጭነት እንስሳ ታርዶ ደሙ ለእርሱ ይቀርባል። የቅዳሜው ጭፈራ ያለ ዐርቡ መሥዋዕት ሊተረጐም አይችልም።

ዩኔስኮ በዓሉን በ2001 ከሰው ልጅ የቃልና የልማድ ቅርሶች መካከል ቈጠረው፤ በ2008ም በመዝገቡ አሰፈረው። በ2009 የፔሩ ተወዳዳሪ በዓለም የቁንጅና ውድድር ላይ የዲያብላዳ ልብስ በመልበሷ የቦሊቪያ መንግሥት ተቃውሞ አሰማ። ጭፈራው ግን በፔሩ በኩል በፑኖ ከተማም የተለመደ ነው፤ ሁለቱን አገሮች የሚለየው ድንበርም ከሥርዐቱ በኋላ የመጣ ነው።

ከዚህ ክርክር የሚከብደው ነገር ቀደም ብሎ ደርሶ ነበር። በ1985 የቆርቆሮ ማዕድን ዋጋ ወድቆ የመንግሥቱ ድርጅት ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ሲያሰናብት፣ ዐርቡን የሚያውቁት ሰዎች ከየዋሻው ወጥተው ወደ ሌሎች ከተሞችና ወደ ቈላው ተበተኑ። የቅዳሜው ሰልፍ ከዚያ ወዲህም ቀጥሏል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቊፋሮውን የቀጠሉት ጥቂቶች ግን ዛሬም ከሥራ በፊት በቲዮ እግር ሥር ኮካ ያኖራሉ።