ሯጩን ማን ያስተምረው?

ለተሰንበት ግደይ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት የተባረረችው አልሮጥም ብላ ነው። ትግራይ ውስጥ በምትማርበት ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሩጫውን እምቢ አለች፤ ትምህርት ቤቱም አሰናበታት። መልሶ የተቀበላት በክልሉ ውድድር ትምህርት ቤቱን ወክላ ለመሮጥ ከተስማማች በኋላ ነው። ሮጠች፣ አሸነፈችም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስፖርት ወዳዱ ሁሉ ያውቀዋል። በ2015 ጉያንግ፣ በ2017 ካምፓላ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በወጣት ሴቶች ደጋግማ አሸነፈች። በ2020 ቫሌንሲያ ላይ የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሰበረች፤ በ2021 ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ጨመረችበት። በዚያው ክረምት ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ አጠለቀች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ መጀመሪያው ነው። ልጅቷ ራሷ ሳታውቀው ችሎታዋን ያወቀላት የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። በዚህ ረገድ ትምህርት ቤቶቻችን ባለውለታ ናቸው። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሯጩ ከተገኘ በኋላ ትምህርቱ ምን ይሆናል? «ትምህርት ወይስ ሩጫ» የሚለው ክርክር በየቤቱ፣ በየመምህራን ክፍሉና በየክለቡ ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ ኖሯል። እስካሁንም መልስ ያገኘው በየልጁ ዕድል እንጂ በአሠራር አይደለም።

ይህ ጥያቄ ከኦሊምፒክ ተሳትፏችን ጋር አብሮ አልተወለደም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የአትሌቱ ምንጭ ጦር ሠፈር ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ምሩፅ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ወታደሩ ደመወዝ አለው፣ ቀለብ አለው፣ ማደሪያ አለው፤ አዛዦቹ ከፈቀዱለትም የልምምድ ሰዓት ያገኛል። አበበ በ1960 የሮምን ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ 28 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው «ትምህርቱን አቋርጦ ይሩጥ ወይ» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ነገሩ የተለወጠው የትምህርት ቤቶች ውድድር ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር እየተሰናሰለ ልጆችን ማውጣት ሲጀምር ነው። የደራርቱ ቱሉ መንገድ ይህንኑ ያሳያል። በቆጂ ውስጥ በትምህርት ቤቷ በተደረገ የ400 ሜትር ሩጫ የትምህርት ቤቱን ስመ ጥር ወንድ ሯጭ ቀደመችው። ቀጥላ በወረዳ አሸነፈች፤ በ1988 አርሲን ወክላ በአገር አቀፍ ውድድር 1,500 ሜትር ሮጣ ወርቅ ወሰደች። 17 ዓመት ሲሆናት ፖሊስ ቀጠራት። በ1990 ፕሎቭዲቭ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት። ከክፍል ወደ ፖሊስ ክለብ፣ ከፖሊስ ክለብ ወደ ኦሊምፒክ የሚወስደው ይህ መንገድ ከእሷ በኋላ የብዙዎች ሆነ።

በቆጂ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1992 እስከ 2012 በተደረጉት ኦሊምፒኮች የዚህች ከተማና የአካባቢዋ ልጆች የሆኑት ደራርቱ ሁለት፣ ፋጡማ ሮባ አንድ፣ ቀነኒሳ በቀለ ሦስት፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሦስት ወርቅ አምጥተዋል። ይህ ብቻ ዘጠኝ ወርቅ ነው። የጥሩነሽ እህቶች የእጅጋየሁና የገንዘቤ፣ የቀነኒሳም ወንድም የታሪኩ ብርና ነሐስ ገና አልተቆጠረም። በዚህ ሁሉ መካከል ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር አለ። ደራርቱንና ቀነኒሳን ጨምሮ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በእሱ እጅ ነው ያለፉት። የሥልጠና ቦታው ሣር ሜዳና የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ልጆቹ በአንድ መስመር ተከታትለው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ዓይናቸው ከፊታቸው ባለው ልጅ ተረከዝ ላይ ነው፤ ሥር እንዳይጠልፋቸው እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ያነሳሉ፤ አስፋልት ላይ የማይገኝ የእርምጃ ጥንቃቄ የሚማሩት እዚያ ነው። የመሮጫ ጫማ የሌለው በላስቲክ ጫማ ይመጣል፣ ማንም አይመልሰውም።

ለምን አርሲ? የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያን ታዋቂ ሯጮች ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያይተው ነበር። የማራቶን ሯጮቹ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሆነው ተገኙ። ከሌላው ሰው ይልቅ ሩቅ ወደሆነ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ የነበሩትም እነሱው ናቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይማር እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው ታጥፎ የሚቀረውም ከዚያ የመጣ እንደሆነ ደጋግሞ ተነግሯል። ትምህርት ቤት ሯጭ ያወጣ የነበረው በውድድሩ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ርቀቱ ራሱ ሥልጠና ነበር። ልጆች ያን ያህል መንገድ እንዲሄዱ ማንም አይመኝም፤ ትምህርት ቤት ለመንደሩ መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሩቅ መንገድ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ጉልበት አሁን የሚተካው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ክፍለ ጊዜው ግን ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው።

የጥሩነሽ ታሪክ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከበቆጂ አዲስ አበባ የመጣችው ለመማር ነበር። ስትደርስ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፏል። ወደ አገር ቤት ከመመለስ ይልቅ ከእህቷ ከእጅጋየሁ ጋር መሮጥ ጀመረች፤ የማረሚያ ቤቶች ክለብም ገባች። በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 17 ዓመት ከ333 ቀን ነበር። ምዝገባው ባያልፍ ኖሮ ይህን ሁሉ እናጣው ነበር የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በአንድ የምዝገባ ቀን ምክንያት አንዲት ልጅ ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ የሚያስገድድ አሠራር ነው ሊያሳስበን የሚገባው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤት ውድድር ጎልቶ የወጣ ልጅ በወረዳው ወይም በዞኑ ባለ «ፕሮጀክት» ውስጥ ይታቀፋል፤ ከትምህርቱ ጎን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ይሠለጥናል። እዚያ ሰዓቱ ካማረ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በቀጥታ ወደ ክለብ ይሄዳል። መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ ትውልድ ያሳደጉ ክለቦች ናቸው። ከክለቡ ደግሞ ብሔራዊ ቡድን አለ፤ ማናጀርና የውጭ ውድድርም አለ።

ስንጥቁ ያለው ከፕሮጀክት ወደ ክለብ በሚታለፍበት ቦታ ነው። ፕሮጀክቱ ልጁን ቤተሰቡ ጋ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያሠለጥነዋል። ክለብ ግን ደመወዝ ይከፍላል። በገጠር ቤት ውስጥ በ16 ዓመቷ ደመወዝ የምታመጣ ልጅ ምን ማለት እንደሆነች ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ ለታናናሾቿ የትምህርት ወጪ የምትሆነው እሷ ናት። ለሴት ልጅ ያለዕድሜ ጋብቻን ማምለጫም ነው። ስለዚህ «ትምህርቷን ለምን አቋረጠች» ብሎ ከሩቅ መፍረድ ቀላል ነው፣ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ክለብ ከገባች በኋላ ያለው ሕይወትም ለደብተር ቦታ የለውም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ በክለቡ መኪና ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ትወጣለች። የምትመለሰው ረፋድ ላይ ነው፤ በልታ ትተኛለች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቀለል ያለ ሩጫ አለባት። ማታ ትምህርት የሚመዘገቡ አሉ። ነገር ግን ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች የሮጠ ሰው ማታ በ2 ሰዓት አልጀብራ ፊት ዓይኑ ቢከደን ማን ይወቅሰዋል?

በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ መሻገሪያ ነው የተከተለው። ከበቆጂ ተነስተው ወደ ሌላ ከተማ የሄዱ ሁለት ልጃገረዶችን ያሳያል። አንደኛዋ የገባችበት ክለብ የተነገራትን ያህል ሆኖ አልጠበቃትም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደረሱት ነው፤ ያ ፊልም ግን በመንገድ ላይ ያሉትን ነው ያስታወሰን።

ሒሳቡን እንየው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት አትሌት በላይ አያሰልፍም። እኛ የምንታወቅባቸው ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ያሉት ርቀቶች መሰናክሉን ጨምሮ ስድስት ናቸው። በወንድም በሴትም ሲታሰብ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 36 ቦታ ነው፤ አንድ አትሌት ሁለት ርቀት ሲሮጥ ደግሞ ያንሳል። ከዚህ ውጭ የሚቀሩት ሁሉ በጎዳና ውድድር፣ በክለብ ደመወዝ፣ በአሯሯጭነት ይኖራሉ። ጉዳት ያገኛቸው ደግሞ በ22 ዓመታቸው ያለ ሥራ፣ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ሳይኖራቸው አገራቸው ይገባሉ። ስለ ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ትምህርት መጨነቅ ላያስፈልግ ይችላል። ከሻምፒዮኑ ጋር በአንድ ፕሮጀክት ተሠልጥነው ስማቸውን የማናውቃቸው ግን የእኛው ልጆች ናቸው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ሕመም አለ፤ የዕድሜ ነገር። ክለብ «ወጣት» ይፈልጋል፣ ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮናም ለክለቡ ስም ነው። በዚህ ምክንያት ዕድሜ ይቀነሳል። ተጎጂው ትክክለኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ከእሱ አምስት ዓመት ከሚበልጠው ጋር ሮጦ ይሸነፍና «አልችልም» ብሎ ይተወዋል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከ18 ዓመት በታች ያሉትን የሚያወዳድርበት ሻምፒዮና በ1999 ቢድጎሽ ላይ ሲጀመር ቀነኒሳ በ3,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ያ ሻምፒዮና ከ2017ቱ ናይሮቢ በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ለዚያ ዕድሜ የቀረው ዋናው መድረክ ትምህርት ቤት ነው፤ የክፍል መዝገቡ በአግባቡ ከተያዘ ለዕድሜም ከማንም የተሻለ ምስክር ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት? ኬንያ ውስጥ ኢቴን የሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት አዳሪ ነው። በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምር የመጣው አየርላንዳዊው መነኩሴ ኮልም ኦኮኔል የአትሌቲክስ ሥልጠና አልነበረውም፤ እያየ ተማረ። ተማሪው ፒተር ሮኖ በ1988 ሴኡል ላይ የ1,500 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ አሜሪካ በሜሪላንድ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ጃማይካ ደግሞ «ቻምፕስ» የሚሉትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ከ1910 ጀምሮ ታካሂዳለች፤ ኪንግስተን ያለው ብሔራዊ ስታዲየም በተማሪና በቀድሞ ተማሪ ጩኸት ይሞላል። ዩሴን ቦልት በ2003 እዚያ 200 ሜትርን በ20.25 ሰከንድ ሮጧል። ቻምፕስም እንከን አለበት፤ ትምህርት ቤቶች ፈጣን ልጅ ይሻማሉ፣ ልጆቹ ያለ ዕድሜያቸው ይጫናሉ የሚል ወቀሳ አይለየውም። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ቀጣዩ እርከን ነው። ሼሊ አን ፍሬዘር በ2008 ቤጂንግ ላይ የ100 ሜትር ወርቅ ያገኘችው የኪንግስተኑ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ነው፤ በኋላም በዲግሪ ተመርቃለች።

«ያ ለአጭር ርቀት ነው፣ ረጅም ርቀት በልጅነት ካልተያዘ አይሆንም» የሚል መልስ እሰማለሁ። የ2024ቱ የፓሪስ ውድድሮች ይህን አይደግፉም። በ10,000 ሜትር በሪሁ አረጋዊ ብር ሲወስድ ከኋላው ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ነው። ፊሸር በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ አንድ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ሜዳልያውን በ27 ዓመቱ ያገኘ ሰው ነው። ብቸኛውን ወርቃችንን በማራቶን ያመጣው ታምራት ቶላ 32 ዓመቱ ነበር። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ የገባችው ሲፋን ሐሰን ሩጫን የያዘችው ነርስነት እየተማረች ነው። እግር ይጠብቃል ማለት ነው፤ ለ12ኛ ክፍል የሚሆን ጊዜ አለ።

መፍትሔው ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ያለው የስፖርት አካዳሚ ትምህርትና ሥልጠናን አንድ ላይ ይሰጣል፤ ቦታው ግን ለጥቂቶች ነው። ለብዙኃኑ የሚበጀው ልጁ 12ኛ ክፍልን እስኪጨርስ ፕሮጀክቱን በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ማቆየት ነው። ክለብ ልጁን ከፈለገ ደመወዙን እየከፈለ እዚያው ያሠልጥነው፣ ለአሠልጣኙ መምህርም አበል ይቁረጥለት። ፌዴሬሽኑ ከ18 ዓመት በታች ያለን አትሌት ዝውውር ሲመዘግብ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወረቀት አብሮ ይጠይቅ። የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ብቻ ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ክለብ መጥቶ ልጅዎን ሲጠይቅ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የሚጠይቁት አለ። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት የት ነው? ክፍያውን ማን ይችላል? የጠዋት ልምምዱ ስንት ሰዓት ያልቃል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል፣ ደመወዙስ ስንት ወር ይቀጥላል? ክለቡ ካሰናበተው የትራንስፖርቱን ከፍሎ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ማነው? መልሶቹን በቃል አይቀበሉ፣ በውሉ ላይ ይጻፉልዎት፤ አንዱን ቅጂም ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይስጡ።