የጓያው ዘመን ልጆች

ትናንት ከብት ሲያግድ የዋለ ልጅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ጡንቻው ይገተራል፤ ተረከዙ መሬት መንካት ስለሚሳነው በእግሩ ጣቶች ይራመዳል። ቆይቶ ምርኩዝ ይይዛል፣ ሁለት ምርኩዝም ይሆናል፤ የባሰበት በዳዴ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት፣ ያኔ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው የወሎ ወረዳ እንዲህ የሆኑት ሰዎች 2 ሺህ ያህል ነበሩ። ይበልጥ የተጎዱት ታዳጊዎችና ወጣቶች፣ ከእነሱም ወንዶቹ ናቸው።

በወሎ ልጅ ሲታመም ክርስቲያኑ ጠበል ይወስዳል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፤ የእግር ነገር ሲሆን ወጌሻ ይጠራል። የዚህ ሕመም ምንጭ ጓያ መሆኑን ግን ገበሬው ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ «ጓያ ሰበረው» ይላል። ግራ የሚያጋባው አሰባበሩ ነበር። ብዙ ሰው የሚፈራው ጓያው ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት፣ አለዚያም ገለባውን ነው። ስለዚህ እናት ልጇን ከእንፋሎቱ ታርቅና ንፍሮውን ታቀርብለታለች። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ልጇን ለማዳን ያላደረገችው ነገር አልነበረምና።

ደላንታ ዛሬ ከሐይቅና ከአምባሰል ጋር በአንድ ዞን፣ በደቡብ ወሎ ነው። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ረሃብ ያለፈ የወሎ ሰው ጓያ ለምን እንደሚዘራ አይጠፋውም። ዝናብ ቀርቶ ስንዴው ሲደርቅ ጓያ ይቆማል፤ መረሬ አፈር ላይ ውሃ ቢተኛበትም ይችላል። በክፉ ቀን ሰው የሚያተርፍ እህል ነው። ክፋቱ፣ ድርቅ ሲበረታበት መርዙም ይበረታል።

የመርዙ ፍለጋ ረጅም መንገድ ሄዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ በተባለ የእስረኞች ካምፕ አይሁድ እስረኞች ለከብት የሚሆን ጓያ ይመገቡ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የሆነው ሐኪም አርተር ኬስለር የብዙዎች እግር ሲሽመደመድ አይቶ ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ለየ። ከጦርነቱ በኋላም እስራኤል ገብቶ እነዚያን ሕሙማን ለአሥርተ ዓመታት ተከታተለ። መርዙ ራሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የህንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ለይተው አወጡት። ዛሬ ኦዳፕ ይባላል።

መርዙ ታወቀ፤ ሆኖም አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። አንድ መንደር ሙሉ ጓያ እየበላ ለምን አንዱ ይሰበራል፣ ሌላው ይተርፋል? በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቀደም ብለው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው የሕመሙን ስፋት አጥንተው ነበር። የደላንታው ወረርሽኝ ሲመጣ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከቤልጂየም ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አስተያዩ። የጠየቁትም የማእድ ቤቱን ነገር ነው፦ ጓያው እንዴት ተሠራ? ከምን ጋር ተበላ?

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው መልስ ማንኛዋም የወሎ እናት የምትረዳው ነው። ንፍሮውና ጥሬው እሸት የመሰበርን አደጋ ከፍ አድርገው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ሲበላ ግን ያ ጭማሪ አልታየም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመሳሰሉት ቅመሞች በተሠራ ወጥ የበሉት፣ እንዲሁም ጓያውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት አደጋቸው ቀንሶ ነበር። እህሉ ውስጥ ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ጓያ የሚያንሰው እነሱን ነው።

እኔ በዚህ ግኝት ውስጥ የማየው ረሃብ ከቤት ምን ምን እንደሚያወጣ ነው። መጀመሪያ ጤፉና ስንዴው ያልቃል፣ ስለዚህ የሚቀላቀል የለም። ሽንኩርቱና ቅመሙ ይቀራል፣ ስለዚህ ወጥ የለም። የሚቀረው ጓያ፣ ውሃና እሳት ነው፤ እሱም ንፍሮ ይሆናል። እረኛው ደግሞ ሜዳ ላይ ሲርበው እሸቱን ይፈለፍላል፤ ወንዶቹ ልጆች የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። አጥኚዎቹም የእርዳታ እህል ጓያ በሚበላበት አገር ቶሎ ቢደርስ እግር እንደሚያድን ጻፉ። የዘገየ እህል ነፍስ ያተርፍ ይሆናል፤ የተሰበረውን ልጅ ግን አያስነሳውም፣ ሕመሙ አይመለስምና።

የያኔዎቹ ልጆች አሁን ጎልማሶች ናቸው። ጓያ የሚይዘው እግርን ነው፤ አእምሯቸው፣ ንግግራቸው፣ የእጃቸው ብርታት አልተነካም። ተምረው መሥራት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፣ ናቸውም። የተራራ መንገድ በምርኩዝ ወጥቶ ትምህርት ቤት መድረስ ግን የሚሸከም ሰው ወይም በቅሎ ይፈልጋል።

ስለዚህ የሐይቅና የአምባሰል፣ የደላንታም አንባቢ ሆይ፦ ዝናብ በቀረበት ዓመት ጓያን ብቻውን አትቀቅሉ። ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፣ ያላችሁን እህል ጥቂትም ብትሆን ቀላቅሉበት፣ እረኛ ልጆቻችሁን እሸቱን ከልክሉ። እርዳታ የምታከፋፍሉም፣ ጓያ የተዘራበትን ቀበሌ ከሌላው አስቀድሙ። በመንደራችሁ በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ካለ ደግሞ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰው መድቡለት።